ሊማልበት የሚችል ዓረፍተ ነገር

ጥሩ ቃለ መሐላ ብዙውን ጊዜ ከአንድ ገጽ አያልፍም። ከላይ የፍርድ ቤቱ ስም፣ ቀንና የመዝገብ ቁጥር ይሰፍራሉ። ቀጥሎ የአመልካቹ ስም እስከ አያት፣ ከዚያም አድራሻው። ከርእሱ በታች ዓረፍተ ነገሮቹ በተራ ቁጥር ይቀመጣሉ። በየቁጥሩ አንድ ፍሬ ነገር ብቻ ይገባል። ሁለት ከተጨመሩበት፣ አንዱ ሲጠረጠር ሌላውም አብሮ ይናጋል።

ዛሬ በሸገር ከተማ ሥር ባሉት በሰበታ፣ በቡራዩና በሱሉልታ ይህ ሥራ ሌላም ጥንቃቄ ይጠይቃል። የኦሮሚያ ፍርድ ቤቶች የሚሠሩት በአፋን ኦሮሞ ነው፤ ጽሑፉም በቁቤ ነው። ጥቂት ኪሎ ሜትር ርቆ አዲስ አበባ ያለው የፌዴራል ችሎት ደግሞ በአማርኛ ይሠራል። ጥላሁን የሚባል ሰው ስሙ በቁቤ መታወቂያው ላይ በ«ኤክስ» ይጀምራል፤ ፓስፖርቱ ላይ በ«ቲ»። ባንክ ወይም ኤምባሲ ሲደርስ ሁለት ሰው ሊሆን ነው።

ጎበዝ ራፖር ጸሐፊ ኮምፒዩተሩን ከመንካቱ በፊት መታወቂያውን፣ ፓስፖርቱንና የልደት ምስክር ወረቀቱን ጎን ለጎን ይደረድራል። ፊደል በፊደል ያስተያያል። ከዚያ ሁለቱንም አጻጻፍ ከነሰነዱ ዓይነትና ቁጥር ያሰፍርና «በሁለቱም የተጠራሁት እኔው ነኝ» ያሰኛል። «ስሜ በስሕተት ተጽፏል» አይልም፤ የተሳሳተ የለማ! ይህን የሚለይ ጸሐፊ ክፍያው አይቆጨኝም።

የወራሽነት ጉዳይ ከዚህም ይረቅቃል። የ1958ቱ የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ቃለ መሐላ ሰጪው በራሱ ዕውቀት ሊያስረዳ በሚችለው ነገር እንዲወሰን ይፈልጋል። ስለዚህ «ከእኔና ከእህቴ ሌላ ወራሽ የለም» ከሚለው «ከእኔና ከእህቴ ሌላ የማውቀው ወራሽ የለም» የሚለው ይሻላል። የመጀመሪያው ሰውየው የማያውቀውን ያስምለዋል። የአባቱን ሕይወት በሙሉ ማን ያውቃል?

መፈረሙ አጭር ነው፤ የሚቀድመው ንባብ ግን መቸኮል የለበትም። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 1728 ስለ ውል ሲደነግግ፣ የዓይነ ስውር ወይም ማንበብ የማይችል ሰው ፊርማ ወይም የጣት አሻራ በአዋዋይ፣ በመዝጋቢ ወይም በዳኛ ፊት ካልተረጋገጠ አያስገድደውም ይላል። ጠንቃቃ ሠራተኛ ይህን ጥንቃቄ ለቃለ መሐላም ያውለዋል። ከቁጥር 1 እስከ መጨረሻው ጮክ ብሎ ያነባል፤ በየቁጥሩ ቆም ብሎ የባለጉዳዩን ፊት ያያል። ከዚያ በኋላ ነው አውራ ጣቱ ቀለም የሚነካው። አሻራው ሲያርፍ መስመሮቹ ሊቆጠሩ ይገባል፤ ጥቁር ነጠብጣብ ብቻ ከሆነ ይደገማል። ክቡ ማኅተም የፊርማውን ጫፍ ቢነካ መልካም ነው፤ ስሙን ከሸፈነ ግን ተበላሸ።

ወደ ጸሐፊው ሲሄዱ ከፎቶ ኮፒው ጋር ዋናውን ሰነድም ይያዙ። ቤትዎ ፈርመው አይምጡ። ሲነበብልዎት ያጠራጠረዎት ቁጥር ካለም ሳይታረም አይፈርሙ።