«ኦልሬዲ» እና «ቀድሞውኑ»፦ ስለ አንድ ተውሳከ ግሥ አተረጓጐም

ከእንግሊዝኛ ወደ አማርኛ የተመለሱ ጽሑፎችን ስንመረምር ዘወትር ከምናገኛቸው ግድፈቶች አንዱ «ኦልሬዲ» በተባለው ተውሳከ ግሥ ላይ የሚፈጸመው ነው። ተርጓሚው ቃሉን ባየ ቍጥር «ቀድሞውኑ» ወይም «አስቀድሞ» ብሎ ያልፋል፤ ነገሩ ትንሽ ስለሚመስልም አራሚው አይነካውም። እኛ ግን ጉዳዩ የአነጋገር ማማር ብቻ አይደለም እንላለን፤ አንዳንድ ጊዜ የዓረፍተ ነገሩን ፍሬ ነገር ይለውጣልና።

ለምሳሌ አንድ የእንግሊዝኛ የክርክር ጽሑፍ ተከሳሹ ዕዳውን መክፈሉን «ኦልሬዲ» ጨምሮ ቢገልጽ፣ አንባቢው የሚረዳው ዕዳው እስካሁን ተከፍሎ ያለቀ መሆኑን ነው። ከቀነ ገደቡ በፊት ይሁን ወይስ በኋላ አልተነገረም። «ተከሳሹ ዕዳውን አስቀድሞ ከፍሏል» ብለን ስንመልሰው ግን አማርኛው ሰውየው ጊዜው ሳይደርስ ከፈለ ይለናል። ወለድና መቀጫ በሚታሰብበት ክርክር ይህ ሌላ ነገር ነው። የመድኃኒት መመሪያም ከዚህ አያመልጥም። «መድኃኒቱን አስቀድመው ከወሰዱ አይድገሙ» የሚለውን የሚያነብ ሕመምተኛ ከታዘዘው ሰዓት በፊት ስለ መውሰድ የተነገረ ሊመስለው ይችላል፤ የተፈለገው ግን «ወስደው ከሆነ አይድገሙ» ማለት ብቻ ነበር።

የስሕተቱ ሥር «ኦልሬዲ» መቅደምን ያመለክታል ብሎ ማሰብ ነው። ቃሉ በመካከለኛው ዘመን እንግሊዝኛ «ሁሉ» እና «ዝግጁ» የሚል ትርጕም ካላቸው ሁለት ቃላት የተገጠመ ሲሆን፣ መነሻ ፍቺው «ፈጽሞ የተዘጋጀ» የሚል ነበር። ዛሬም የሚናገረው አንድ ሁኔታ እንደ ደረሰ፣ ብዙ ጊዜም ከተጠበቀው ፈጥኖ እንደ ደረሰ ነው። የእኛው «ቀድሞ» ግን ቀዳሚና ተከታይ ይፈልጋል። «እርሱ ቀድሞ ሄዷል» ያልን እንደ ሆነ ኋላ የቀረ ወይም የሚከተል አለ ማለት ነው። «ቀድሞውንም አልወደድሁትም» ስንል ደግሞ «ከመነሻው» ማለታችን ነው። በእርግጥ እንግሊዝኛው ከላይ ስለ ተወሳ ነገር ሲናገር «አስቀድሞ የተጠቀሰው» ማለት ያስኬዳል፤ በዚያ ቦታ መቅደም በእውነት አለና።

ታዲያ አማርኛ ይህን ሐሳብ በምን ይገልጸዋል? አብዛኛውን ጊዜ በግሡ ይገልጸዋል። የቅርብ ኃላፊው «ባቡሩ ሄዷል» ራሱን ችሎ በቂ ነው። ተናጋሪው ቢደነቅ «ሄደ እንዴ?» ይላል፤ መፈጸሙን ሊያጠብቅ ቢሻ «በልቼ ጨርሻለሁ» ይላል። ከሁሉ ይልቅ ተርጓሚዎች የዘነጉት «ከመቼው» የሚለውን ነው። «ከመቼው መሸ!»፣ «ከመቼው ዐሥራ አንድ ሰዓት ሆነ!» ስንል የእንግሊዝኛውን ተውሳከ ግሥ ከነመደነቁ መልሰነዋል። (በእንግሊዛውያን አቈጣጠር አምስት ሰዓት መሆኑን ተርጓሚው እንደማይዘነጋ ተስፋ እናደርጋለን።)

በይበልጥ ሊመረመር የሚገባው ግን «ገና» ነው። ተማሪ ሁሉ «ገና» የ«ስቲል» እና የአሉታው የ«ኖት ዬት» አቻ መሆኑን ያውቃል፤ «ገና ሕፃን ነው»፣ «ገና አልመጣም» እንላለን። የ«ኦልሬዲ» ተቃራኒ ተደርጎ የሚቈጠረውም ስለዚህ ነው። ጀርመናዊው የቋንቋ ሊቅ ሴባስቲያን ሎብነር በ1989 እ.ኤ.አ. ባወጣው ጥናት «ሾን» እና «ኖኽ» የተባሉት የጀርመንኛ ቃላት በአሉታ አማካይነት እንዴት እርስ በርስ እንደሚተሳሰሩ አሳይቷል። አማርኛን በዚህ ሚዛን ስናየው ግን አንድ እንግዳ ነገር እናገኛለን። «ገና በሰባት ዓመቱ ዳዊት ደገመ» የሚለውን ወደ እንግሊዝኛ የሚመልስ ሰው «ገና»ን «ኦልሬዲ» ብሎ ለመተርጐም ይገደዳል! ተቃራኒ ነው ያልነው ቃል አቻ ሆኖ ተገኘ። ምክንያቱ የሚመስለን ይህ ነው፦ «ገና» ዕድሜውን ይመለከትና ብዙ እንደሚቀረው ይነግረናል፤ «ኦልሬዲ» ድርጊቱን ይመለከትና ፈጥኖ እንደ መጣ ይነግረናል። የሚታየው ነገር አንድ ሲሆን የቆሙበት ወገን ይለያያል።

እንዲህ ያለውን ነገር ቃልን ከቃል ፊት ለፊት የሚደረድር መዝገበ ቃላት ሊያሳይ አይችልም። ዎልፍ ሌስላው በ1973 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት የእንግሊዝኛ–አማርኛ መዝገበ ቃላት ቃሉን በዓረፍተ ነገር ውስጥ እያስገቡ ማሳየትን መርጠዋል፤ ለተውሳከ ግሥ ከዚህ የተሻለ መንገድ አናውቅም። የስያሜ ሥራችን ግን ሲበዛ በስም ላይ አተኵሯል። ለመሣሪያውና ለንጥረ ነገሩ ስም ለማውጣት የተደከመውን ያህል፣ በየገጹ ለሚመላለሱት ጥቃቅን ቃላት አልተደከመም።

«ቀድሞውኑ» በዜና ቋንቋ ሥር ሰድዷል፤ ቋንቋም ይለወጣል የሚሉን አሉ። መለወጡን አንክድም። ነገር ግን ቃሉ አዲሱን ፍቺ ሲይዝ አሮጌውን አልለቀቀም፤ ስለዚህ ዕዳውን ቀድሞ የከፈለውን ዘግይቶም ቢሆን ከከፈለው የምንለይበት መንገድ ይጠፋል። በአዲስ እትም የሚዘጋጅ መዝገበ ቃላት በ«ኦልሬዲ» ሥር የቅርብ ኃላፊውን፣ «እንዴ»ን፣ «ከመቼው»ን እና «ገና»ን እያንዳንዳቸውን ከነዓረፍተ ነገራቸው ቢያሰፍር፣ «አስቀድሞ»ንም በመጨረሻ፣ መቅደም ባለበት ቦታ ብቻ ተብሎ ቢያኖረው መልካም ነው። ጊዜን ፈጽሞ የማይመለከተው፣ ከዪዲሽ ቋንቋ ወደ አሜሪካ እንግሊዝኛ የገባው የትዕግሥት ማጣት አነጋገርም አለ፤ ለእርሱ «ኧረ በቃ!» ይበቃዋል።