ምዕራፍና ቁጥር የሌለው ድረ ገጽ

ለኅብረታችሁ ድረ ገጽ ልትሠሩ ስትነሡ አንድ ነገር ልብ በሉ። አንዳንድ የወጣት ኅብረት ገጾች ገና ሲከፈቱ ርግብ ትበራለች፣ ፋኖስ ይበራል፣ በገና ይታያል። መዝሙሩ የት ነው? በገናውን ስንነካ ይሆን? የጸሎት ፕሮግራሙስ? ርግቧ ማማሯን አልክድም፤ አንባቢው ግን እንቆቅልሽ ሊፈታ አልመጣም። ከነገሌ ወጣ ብሎ ኔትወርክ በሚቆራረጥበት ቦታ ለቆመ ሰው በስሕተት የተከፈተ ገጽ ሁሉ ካርድ ይበላል።

መጽሐፍ ቅዱሳችሁን ተመልከቱ። ምዕራፎቹን በ13ኛው ክፍለ ዘመን እስጢፋኖስ ላንግተን እንደከፈላቸው ይነገራል፤ የአዲስ ኪዳንን ቁጥሮች ደግሞ ሮበርት ኤስቲየን እ.ኤ.አ. በ1551 ባሳተመው እትም አስገባ። ኦነሲሞስ ነሲብ እ.ኤ.አ. በ1899 ያሳተመው የኦሮምኛ መጽሐፍ ቅዱስ በግዕዝ ፊደል ነበር፤ ዛሬ በቁቤ ይነበባል። ፊደሉ ተለወጠ፣ ዮሐንስ 3፥16 ግን ከቦታው አልተነቃነቀም። በነገሌም ሆነ በያቤሎ ሰባኪው ጥቅሱን በአማርኛ ሲጠራ፣ የኦሮምኛውን የያዘችው እህት እኩል ትገልጣለች። ልማድ ሲለያይስ? መዝሙር 23 በግዕዙ አቆጣጠር 22 ነውና ከኦርቶዶክስ ጓደኛችሁ ጋር ስታነቡ ትተላለፋላችሁ።

የድረ ገጽ አጠቃቀምን ያጠናው ያኮብ ኒልሰን፣ ሰዎች አብዛኛውን ጊዜ የሚያሳልፉት በእናንተ ገጽ ሳይሆን በሌሎች ገጾች ላይ ነው ይላል። እጃቸው ሌላ ቦታ ለምዶ ነው የሚመጣው፦ ዓርማውን ሲነኩ ወደ መጀመሪያው ገጽ መመለስን፣ የአጉሊ መነጽር ምልክት ሲያዩ ፍለጋን፣ ከሥሩ የተሰመረበት ሰማያዊ ጽሑፍ ሲያዩ ወደ ሌላ ገጽ መሄድን ይጠብቃሉ። ጳውሎስ በ1ኛ ቆሮንቶስ 14 ሰሚው ያልገባው ነገር እንደማያንጸው አጥብቆ ይከራከራል፤ ለገጻችንም ይሠራል እላለሁ።

የውጭው ልማድ ሁሉ ግን የእኛ አይደለም። ከውጭ የተቀዳ ቅጽ የጠዋቱን ጉባኤ «9:00» ብሎ ይጽፈዋል፤ የሞያሌ ሰው አንብቦ ከሰዓት በኋላ ይመጣል፣ ጉባኤው ግን ተበትኗል። «ከጠዋቱ 3 ሰዓት» ብላችሁ ጻፉ። ፍለጋውም እንዲሁ ነው። እናንተ «ጸሎት» ብላችሁ ያስገባችሁትን መዝሙር «ፀሎት» ብሎ የሚፈልግ ወንድም ምንም አልተገኘም ይባላል፤ መዝሙሩ ግን እዚያው አለ። ጸንና ፀን፣ ሰንና ሠን፣ አንና ዐን እንዲሁም ሀን፣ ሐንና ኀን እንደ አንድ እንዲቆጥር ፍለጋውን ማስተካከል፣ ርግቧን ከማብረር የሚከብድ ሥራ አይደለም።