የአውታር ድምፅ በስሌት፤ «ቴንሽን» ስለተባለው መርሐ ግብር የቀረበ ሒስ

ብዙዎቹ የኤሌክትሪክ ዜማ መሣሪያዎች የአውታርን ድምፅ የሚያሰሙት አስቀድሞ የተቀዳውን በመድገም ነው። ኤብልተን የተባለው የጀርመን ድርጅት ከካናዳው ከአፕላይድ አኩስቲክስ ሲስተምስ ጋር በ2007 እ.ኤ.አ. ያወጣው «ቴንሽን» ግን ሌላ መንገድ ይከተላል። ይኸውም ድምፁን ትቶ ድምፁን የሚወልዱትን ነገሮች፣ ማለት መምቻውን፣ አውታሩን፣ ማፈኛውንና ገላውን፣ በስሌት መሥራት ነው።

ከዚህ ዓይነቱ ጥበብ ቀደምት ምሳሌዎች አንዱ ኬቨን ካርፕለስና አሌክሳንደር ስትሮንግ በ1983 እ.ኤ.አ. ያሳተሙት ዘዴ ነው። በዚህ ዘዴ ቁጥሮች በአንድ ሰልፍ ተደርድረው ይዞራሉ፤ በዞሩም ቁጥር እያንዳንዱ ከጎረቤቱ ጋር ስለሚማከል ቀጭኑ ድምፅ ፈጥኖ ይጠፋል፣ ወፍራሙም ይቆያል። በሰከንድ 44,100 ቁጥር በሚነበብበት ሥርዓት 100 ያህል ቁጥር ያለው ሰልፍ በሰከንድ 440 ጊዜ ያህል ይዞራል። የአውታሩም ንዝረት ይኸው ነው።

የቴንሽን ትልቁ ምስጋና ተጫዋቹን የድምፅን ምክንያት እንዲጠይቅ ማስገደዱ ነው። ድምፁ የሚቆይበት ጊዜ፣ የቀጭኑ ድምፅ መፍዘዝ፣ የአውታሩ ግትርነትና የሚመታበት ቦታ ለየብቻቸው ይስተካከላሉ። አውታር ልክ ከመካከሉ ሲመታ ሁለተኛው፣ አራተኛውና ስድስተኛው ተከታይ ድምፅ እንደሚጠፋ በመጽሐፍ ያነበበ ሰው እዚህ በጆሮው ያረጋግጠዋል።

ነገር ግን ይህ ሕግ ለአውታር ሁሉ አይሠራም። ህንዳዊው ሊቅ ራማን በ1921 እ.ኤ.አ. እንዳስረዳው፣ በታንፑራና በቪና ላይ መጥፋት የነበረባቸው ድምፆች ይሰማሉ፤ ምክንያቱም አውታሩ በተንዘረዘረ ቁጥር የተቀመጠበትን ሰፊ ድልድይ ይነካል። የበገናም ነገር ለዚህ የቀረበ ነው። በአውታሩና በበርኩማው መካከል የሚገባው ቁራጭ ቆዳ፣ እንዚራ የሚባለው፣ አውታሩን እየነካ ያን የታወቀውን የሚነዝር ድምፅ ይሰጠዋል። በገና ደርዳሪውም ቅኝቱን ካበጀ በኋላ ቆዳውን በጥቂት በጥቂቱ እያንቀሳቀሰ የእያንዳንዱን አውታር ድምፅ ያቃናል።

የቴንሽን ጉድለት የሚታየው እዚህ ላይ ነው። የአውታሩ መጨረሻ የታሰበው በጣት እንደሚጫን የጊታር አውታር ነው፤ ገላውም በጊታር፣ በቫዮሊንና በፒያኖ አምሳል የተሠራ ነው። ለእንዚራ የሚሆን ክፍል የለውም። ስለዚህ የበገናን ድምፅ የሚፈልግ ሰው የአውታሩን ግትርነት ከፍ ቢያደርግ ይሳሳታል። ግትርነት ተከታዮቹን ድምፆች ከልካቸው አውጥቶ ወደ ደወል ያስጠጋቸዋል፤ እንዚራ ግን ልካቸውን ሳያፈርስ ያበዛቸዋል፣ ያጎላቸዋልም። የመጀመሪያው የአውታሩ ጠባይ ሲሆን ሁለተኛው የንክኪ ሥራ ነው።

ልዩነቱ ለስሌት አዋቂ ብቻ የሚተው ጉዳይ አይደለም። በገናን በዚህ መርሐ ግብር ብቻ የሚያውቅ ወጣት ንዝረቱን እንደ እንከን ቆጥሮ ሊያጠራው ይችላል፤ ያን ጊዜ በስም በገና፣ በድምፅ ግን ጊታር የሆነ ነገር ይቀራል። የታንፑራን ድልድይ ንክኪ በስሌት የሠሩ ጥናቶች ስላሉ መንገዱ ዝግ አይደለም። ቴንሽን አውታርን በሚገባ አስልቷል፤ አውታሩ የሚያርፍበትን ነገር ማስላት ግን ይቀረዋል።