«አለበት» እና «ይገባል»፦ ስለ አየር ንብረት ሪፖርት ስያሜዎች የቀረበ ሒስ

እ.ኤ.አ. በ2015 ፓሪስ ላይ የጸደቀው የአየር ንብረት ስምምነት እኩል ሥልጣን ያላቸው ቅጂዎች የተጻፉት በ6 ቋንቋዎች ነው። አማርኛ ከነዚህ አንዱ አይደለምና የቃላቱን ምርጫ የሚወስነው ተርጓሚው ራሱ ነው። ምርጫው ደግሞ የግዴታን ልክ እስከ መለወጥ ይደርሳል። ስለዚህ በአራት ስያሜዎች ላይ ያለንን አስተያየት ከዚህ ቀጥለን እናቀርባለን።

አንደኛው የግዴታ አነጋገር ነው። የእንግሊዝኛው ቅጂ «ሻል» እና «ሹድ» የሚሉትን ረዳት ግሦች ለይቶ ይጠቀማል፤ የመጀመሪያው ሕጋዊ ግዴታን፣ ሁለተኛው የሚጠበቅ ተግባርን ያመለክታል። የልዩነቱ ክብደት የታየው ስምምነቱ በጸደቀበት ዕለት፣ ዲሴምበር 12 ቀን 2015 ነው። የበለጸጉ አገሮች ስለሚቀንሱት ጋዝ በሚናገረው በአንቀጽ 4 ንኡስ አንቀጽ 4 ውስጥ የገባውን «ሻል» አሜሪካ ስለ ተቃወመችው፣ ቃሉ ወደ «ሹድ» ከተለወጠ በኋላ ነው ስምምነቱ የጸደቀው።

ይኸው ልዩነት ሪፖርትን በሚመለከተው በአንቀጽ 13 ውስጥም ይገኛል። እያንዳንዱ አገር የጋዝ ልቀት ቆጠራውን በየጊዜው የሚያቀርበው በ«ሻል» ነው (ንኡስ አንቀጽ 7)። ስለ ለውጡ ጉዳትና ስለ መላመድ የሚሰጠው መረጃ (ንኡስ አንቀጽ 8)፣ እንዲሁም በማደግ ላይ ያሉ አገሮች ስለሚያስፈልጋቸውና ስላገኙት ድጋፍ የሚሰጡት መረጃ (ንኡስ አንቀጽ 10) ግን በ«ሹድ» የተነገረ ነው። በአማርኛ «ማቅረብ ይገባል» የሚለው ሁለቱንም ይሸከማል፤ በሕግ ጽሑፍ ትእዛዝ፣ በተራ ንግግር ምክር ይሆናል። ተርጓሚው ለሦስቱም «ይገባል» ብሎ ቢጽፍ፣ አንባቢው አገሩ ያልገባችውን ግዴታ እንደ ገባች፣ የገባችውንም በፈቃዷ የምትተወው አድርጎ ሊረዳ ይችላል። በእኛ አስተያየት ለ«ሻል» «ማቅረብ አለባት»፣ ለ«ሹድ» «እንድታቀርብ ይጠበቃል» ቢባል ልዩነቱ አይደበዝዝም።

ሁለተኛው «ግልጽነት» ነው። ቃሉ ለ«ትራንስፓረንሲ» አቻ ሆኖ ተለምዷል፤ እኛም አንነቅፈውም። ችግሩ የሚነሣው «ክላሪቲ» እና «ትራንስፓረንሲ» ጎን ለጎን በተጻፉበት በአንቀጽ 4 ንኡስ አንቀጽ 8 ላይ ነው። ሁለቱንም «ግልጽነት» የሚል ተርጓሚ ወይ አንዱን ቃል ይደግማል፣ ወይ አንዱን ይጥላል። የመጀመሪያው መረጃው አንድ ትርጉም ብቻ እንዲሰጥ፣ ሁለተኛው ከሌሎች ዓይን እንዳይሰወር ይጠይቃል። ስለዚህ ለመጀመሪያው፣ «የማያሻማ» ከሚለው በመነሣት፣ «አለማሻማት» ቢባል ይሻላል። «ጥራት» ለ«ኳሊቲ» ስለ ተያዘ አይስማማም።

ሦስተኛው «ልቀት» ነው። «ለቀቀ» ከሚለው ግሥ የወጣ በመሆኑ ለ«ኤሚሽን» ተስማሚ ነው። ነገር ግን «ላቀ» ከሚለው የወጣውና ብልጫን የሚያመለክተው «ልቀት»ም በዚያው ፊደል ይጻፋል። «የልቀት ማእከል» የሚለውን የለመደ ሰው «የልቀት ሪፖርት» ሲያይ የአገሩ ምስጋና የተጻፈበት ሊመስለው ይችላል። መፍትሔው ቃሉን ብቻውን አለመተው፣ «የጋዝ ልቀት» ብሎ ማጣመር ነው።

አራተኛው የባለሙያዎች ሥራ ስያሜ ነው። የቀረበውን ሪፖርት ባለሙያዎች የሚያዩበትን ሥራ «ምርመራ» ወይም «ፍተሻ» ማለት ከአንቀጽ 13 ንኡስ አንቀጽ 3 ጋር ይጋጫል፤ አሠራሩ ቅጣት የሌለበት፣ ጣልቃ የማይገባና ሉዓላዊነትን የሚያከብር መሆኑን ንኡስ አንቀጹ ይናገራልና። «ግምገማ»ም በአገራችን የፖለቲካ ስብሰባ ጠረን አለበት፤ ቢሆንም «የባለሙያዎች ቴክኒካዊ ግምገማ» ተብሎ ሲገለጽ ጠረኑ ይለቃል።

የመጀመሪያዎቹ የሁለት ዓመት የግልጽነት ሪፖርቶች የማቅረቢያ ቀነ ገደብ ዲሴምበር 31 ቀን 2024 ነበር፤ ቀጣዮቹም በየሁለት ዓመቱ ይከተላሉ። አንድ ቃል በአንዱ ሪፖርት ግዴታን፣ በሌላው ምክርን የሚያመለክት ከሆነ ሁለቱን ማነጻጸር አይቻልም። ስለሆነም ተርጓሚዎች ሥራቸውን ከመጀመራቸው በፊት የአቻ ቃላት ሠንጠረዥ አዘጋጅተው እንዲስማሙ፣ በሠንጠረዡም ከስሞቹ በፊት ረዳት ግሦቹን እንዲወስኑ እናሳስባለን።