የተተከለው ወይስ የጸደቀው?

ቀራንዮ አካባቢ ለሚኖር ሰው ዕድር ምን እንደሆነ ማስረዳት ለቀባሪው ማርዳት ነው። ከመድኃኔዓለም ቤተ ክርስቲያን በላይ ይኑር በታች፣ ወደ ቤተል ይጠጋ ወደ አየር ጤና፣ ጡሩምባ ሲነፋ ምን ማድረግ እንዳለበት ያውቃል። ድንኳኑ ይተከላል፣ አግዳሚው ይወጣል፣ ከቀብር መልስ ጸሐፊው መዝገቡን ገልጦ ስም ይጠራል። "አቤት!" ያለ ዳነ፤ ያላለ ይቀጣል።

እስቲ አንድ ነገር ልብ በሉ። ዕድር ይቆጥራል፤ ያውም አጥብቆ ነው የሚቆጥረው። ግን የሚቆጥረው የቀረውን ነው። "በዘንድሮው ዓመት ብዙ ቀብር ላይ በመገኘት አንደኛ የወጡት አቶ እገሌ ናቸው" ብሎ ዋንጫ ያስረከበ ዕድር ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ አልሰማሁም። ምነው? አባቶቻችን ሽልማት ማውጣት አቅቷቸው ነው? አይደለም። ቢያወጡ ምን እንደሚከተል ስለሚያውቁ ይመስለኛል።

እንበልና አወጡ። በመጀመሪያው ዓመት ሰዉ ይተጋል። በሁለተኛው ዓመት አንዱ ብልጥ በአንድ ቅዳሜ ሦስት ቀብር እንዴት "መሸፈን" እንደሚቻል ይደርስበታል። ስሙን አስመዝግቦ፣ ጸሐፊው እስክሪብቶውን ሳያነሳ እሱ ታክሲ ውስጥ ነው። ሦስት ቀን ድንኳን ውስጥ ያደረው፣ ውሃ የቀዳው፣ የሟችን ልጆች ቤቱ ወስዶ ያስተኛው ጎረቤት ግን መዝገቡ ላይ "አንድ" ነው። ዋንጫው የማን ነው? የባለ ሦስቱ። በሦስተኛው ዓመት ጎረቤትየው ተቀይሞ ከዕድሩ አይወጣም፤ ይሉኝታ አለበትና። ነገር ግን ልጆቹን ቤቱ ወስዶ ማስተኛቱን ይተወዋል።

ይህን ያመጣሁት ስለ ቀብር ለማውራት አይደለም። ደቦው መልኩን ቀይሮ ኢንተርኔት ላይ ከወጣ ሰነበተ። ዊኪፒዲያን ውሰዱ። ያለ ክፍያ፣ ያለ ቀጣሪ፣ ማንም ሰው እየገባ የሚጽፍበትና የሚያርምበት መዝገበ ዕውቀት ነው። የእኛም ቋንቋ የራሱ አለው። አማርኛው 15 ሺህ ገደማ ገጾች አሉት፤ የእንግሊዝኛው ከ7 ሚሊዮን አልፏል። እንግዲህ ይህን ክፍተት በምን እንሙላው የሚለው ጥያቄ ሲነሳ ብዙውን ጊዜ የሚመጣው መልስ አንድ ነው፤ "ውድድር እናዘጋጅ፣ ብዙ የጻፈ ይሸለም!" የሚል።

በዚያ ቤት ደግሞ ለመቁጠር የሚያዳግት ነገር የለም። ጸሐፊው አንድ ነገር ለውጦ ባስቀመጠ ቁጥር ከስሙ ጎን አንድ ይደመራል። ኮከብ የመስጠት ልማድም አለ፤ የእንግሊዝኛው ዊኪፒዲያ እ.ኤ.አ. ከ2003 መጨረሻ ጀምሮ ተሳታፊዎቹ እርስ በርስ ኮከብ ይሰጣጣሉ። ኮከቡ መልካም ነው። ችግር የሚመጣው ኮከቡን ሰው ሳይሆን ቆጣሪው መስጠት ሲጀምር ነው።

ቆጣሪው ምን ያያል? ከቀራንዮ ብዙም ስለማይርቀው ስለ ረጲ ቆሼ ለመጻፍ የተነሱ ሁለት ሰዎች አሉ እንበል። የመጀመሪያው "ረጲ በአዲስ አበባ የሚገኝ ቦታ ነው" ብሎ ጽፎ ወደ ሚቀጥለው ገጽ አለፈ። ሁለተኛው ቆሻሻው ከመቼ ጀምሮ እንደተከመረ፣ እዚያ እየለቀመ የሚኖረው ሰው እንዴት እንደሚኖር፣ መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ክምሩ ተንዶ ከ110 በላይ ሰው ሲሞት ምን እንደተደረገ ከጋዜጣ ከጋዜጣ እያመሳከረ፣ የአካባቢውን ሰው እየጠየቀ አንድ ወር ፈጀበት። በመጨረሻ አንድ ገጽ ወጣው። ለቆጣሪው ሁለቱም "አንድ" ናቸው። እንዲያውም በዚያው ወር የመጀመሪያው ሰውዬ ስለ ሌሎች ሁለት መቶ ቦታዎች "የሚገኝ ቦታ ነው" ብሎ ጽፏልና ሽልማቱ የእሱ ነው። ሟቾቹ የማን ገጽ ላይ እንደታሰቡ ቆጣሪው አይጠይቅም።

በአማርኛው ዊኪፒዲያ አንድ ተረትና ምሳሌ ለብቻው አንድ ገጽ የተሰጠው ጊዜ አለ። ከፍታችሁ ስታዩት ተረቱ አለ፤ "የአማርኛ ምሳሌ ነው" የሚል አለ፤ በብዙዎቹ ላይ ከዚያ የሚያልፍ ነገር የለም። ለተረቱ ክብር አለኝ፤ የሰበሰቡትም እጃቸው ይባረክ፤ ለምን እንደዚያ እንዳደረጉም አልፈርድም። ነገር ግን የእነዚህን ገጾች ቁጥር ከአንድ በቅጡ ከተጻፈ የታሪክ ገጽ ጋር እየደመርን "ይህን ያህል ደረስን" ስንል ራሳችንን ነው የምናታልለው። ያው "ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም" እንደሚባለው፣ ብዙ ማለት ከፈለጉ ብዙ አይገድም።

ይህ የእኛ ጣጣ ብቻ እንዳይመስላችሁ። በፊሊፒንስ የሚነገረው የሴቡዋኖ ቋንቋ ዊኪፒዲያ ከ6 ሚሊዮን በላይ ገጾች አሉት፤ በገጽ ብዛት ከእንግሊዝኛው ቀጥሎ ይሰለፋል። ምን ዓይነት ትጉህ ሕዝብ ነው አትበሉ። አብዛኛውን የጻፈው ስቬርከር ዮሐንሶን የተባለ ስዊድናዊ የሠራው የኮምፒውተር ፕሮግራም ነው። ስኮትላንድ ውስጥ በሚነገረው የስኮትስ ቋንቋ ዊኪፒዲያ የሆነው ደግሞ ይብሳል። እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2020 ሲጋለጥ፣ ከ20 ሺህ በላይ ገጾችን የጻፈው ቋንቋውን የማያውቅ አሜሪካዊ ወጣት ሆኖ ተገኘ። ገና በልጅነቱ ነው የጀመረው። ክፋት አልነበረበትም፤ እንግሊዝኛውን እያጣመመ ስኮትስ የጻፈ መስሎት ነበር። በቤቱ ውስጥ ኃላፊነትም ተሰጥቶት ነበር። ይህን ያህል የጻፈን ሰው ማን ደፍሮ "አንተ ግን ቋንቋውን ትችላለህ?" ይበለው?

በነፃ የኮምፒውተር ፕሮግራም የሚጽፉ በጎ ፈቃደኞችም የራሳቸው ታሪክ አላቸው። ዲጂታልኦሽን የተባለ ኩባንያ በየዓመቱ በኦክቶበር ወር "ሃክቶበርፌስት" የሚል ዝግጅት አለው። እ.ኤ.አ. በ2020 ለነፃ ፕሮግራሞች አራት ማሻሻያ የላከ ሰው ቲሸርት ይደርሰው ነበር። ለአንዲት ቲሸርት ሲባል ምን ሆነ? "ድንቅ ሥራ ነው" የምትል አንዲት መስመር እየጨመሩ "ማሻሻያ" የሚልኩ ሰዎች ጎረፉ። በነፃ ሲሠሩ የኖሩት ባለቤቶች ሥራቸውን ትተው ቆሻሻ ሲጠርጉ ሰነበቱ። አዘጋጆቹ እዚያው ወር ላይ ሕጉን ለመቀየር ተገደዱ።

እስከዚህ ድረስ ያነበበ ሰው "ታዲያ ሰው ይለፋ፣ ምስጋናም አይጠብቅ ልትለን ነው?" ብሎ ሊቆጣ ይችላል። አይደለም። ሽልማት እንደሚሠራ ማስረጃ አለ፤ እሱንም ሳንደብቅ እንየው። ሬስቲቮና ቫን ደ ራይት የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2012 ባሳተሙት ጥናት፣ በእንግሊዝኛው ዊኪፒዲያ በብዛት ከሚሠሩት 1 በመቶዎቹ መካከል በዕጣ 100 ለሚሆኑት ኮከብ ሰጡ፤ ለሌሎች 100 ግን አልሰጡም። በተከተሉት 90 ቀናት ኮከብ ያገኙት ካላገኙት 60 በመቶ የበለጠ ሠሩ። ያና ጋሉስ የተባለች ተመራማሪ ደግሞ በጀርመንኛው ዊኪፒዲያ ወደ 4 ሺህ በሚጠጉ አዲስ ገቢዎች ላይ ያደረገችውን ሙከራ በ2017 አሳተመች። ሽልማት የደረሳቸው በቤቱ የመቆየታቸው ዕድል በ20 በመቶ ገደማ ጨመረ። ያውም ገንዘብ የሌለው፣ እንዲሁ ምልክት ብቻ የሆነ ሽልማት ነው።

ቀላል ነገር አይደለም። ነገር ግን ጥናቶቹን ረጋ ብለን እንያቸው። በሁለቱም ተሸላሚው ሽልማቱን አስቀድሞ አላወቀውም፤ ድንገት ነው የመጣለት። "ይህን ያህል ብትጽፍ ይህን ታገኛለህ" ያለው የለም። ስለዚህ ያተጋው ተመኑ ሳይሆን "አንድ ሰው አየኝ" የሚለው ስሜት ነው ብዬ አምናለሁ። ሁለተኛ፣ የመጀመሪያው ጥናት "60 በመቶ በለጠ" ያለው በምን ለክቶ ነው? ያው በብዛት ነው! የተሻለ ስለመጻፋቸው ያ ቁጥር አይነግረንም። ምስጋናና ተመን ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። እናት ልጇን "ጎበዝ!" ስትል ልጁ ይበረታል፤ "አንድ ሰሃን ባጠብክ ቁጥር ሃምሳ ሳንቲም" ስትለው ግን የታጠበውን መልሶ ማጠብ ይጀምራል።

እኛ አገር ደግሞ ቁጥር መውደዳችን ለብቻው የሚወራ ነው። የክረምት በጎ ፈቃድ አገልግሎት ሲጠናቀቅ ዜናውን አዳምጡ። ይህን ያህል ሚሊዮን ወጣት ተሳተፈ፣ ሥራው በገንዘብ ሲተመን ይህን ያህል ብር ይሆናል ይባላል። አንዲት አሮጊት ጣሪያቸው በትክክል ተከድኖ ዝናብ ቀርቶላቸው እንደሆነ ግን ተመልሶ የጠየቀ የለም። ሐምሌ 22 ቀን 2011 ዓ.ም. በአንድ ጀምበር 200 ሚሊዮን ችግኝ ለመትከል ተነሥተን ከ350 ሚሊዮን በላይ መተከሉ ተነገረን። የወጣው ሕዝብ የወጣው ከልቡ ነው፤ በዚያ ላይ አፌን አልከፍትም። የደን ባለሙያዎች ግን አንድ ግሩም ቃል አላቸው፤ "የጽድቀት መጠን" ይላሉ። ከተተከለው ስንቱ ጸደቀ ማለታቸው ነው። የተከላውን ቁጥር በዚያኑ ዕለት ማታ በዜና ይሰሙታል። የጽድቀቱን ለማወቅ ግን በጋውን ጠብቆ፣ ሜዳው ድረስ ወርዶ፣ ጎንበስ ብሎ ማየት ይጠይቃል። ጎንበስ ማለት ደግሞ ለካሜራ አይመችም።

አሁን ጠንከር ያለውን ክርክር ላምጣው፤ እኔን ራሴን ብዙ ጊዜ ያስጨነቀኝ እሱ ነውና። "ቁጥሩን ከተውነው ማን ይዳኝ? ዳኛ ካስቀመጥን የአክስቱን ልጅ ይሸልማል፤ ቁጥር ግን ዘመድ የለውም" የሚል ነው። እውነት ነው። በትውውቅና በአገር ልጅነት በተጎዳ ሰው ዘንድ ቁጥር እንደ ትልቅ ፍትሕ ነው የሚታየው። "ቆጥራችሁ ስጡኝ" የሚል ሰው ስስታም ስለሆነ አይደለም፤ ዳኛ ማመን ስላቃተው ነው።

ስለዚህ ጥያቄው መቁጠር ወይስ አለመቁጠር አይደለም፤ መቼ ነው ቁጥር የሚታመነው ነው። ደም ልገሳን ተመልከቱ። ብዙ ጊዜ የለገሰን ሰው ቆጥሮ ማመስገን የሚያመጣው ጣጣ ብዙ አይደለም። ለምን? አንዱ የለገሰው ከረጢት ሌላው ከለገሰው ጋር እኩል ነው። እያንዳንዱ ለታማሚ ከመሰጠቱ በፊት ይመረመራል። በዚያ ላይ ለጋሹ በየሦስት ወሩ ካልሆነ በቀር አይፈቀድለትም፤ ቸኩሎ መቅደም የሚባል ነገር የለም። ሃምሳ ጊዜ ለገሰ የተባለ ሰው ከአሥር ዓመት በላይ እንደተመላለሰ ቁጥሩ ራሱ ይመሰክርለታል። እኩል የሆነ፣ የተፈተሸና መቸኮል የማይቻልበት ነገር ሲሆን ቁጥር እውነት ይናገራል። ጽሑፍ ከሦስቱ አንዱንም አያሟላም። ገጽ ከገጽ እኩል አይደለም፤ አብዛኛውን የሚፈትሽ ሰው የለም፤ በአንድ ሌሊት መቶ መጻፍ ይቻላል። አሁንማ ማሽኑ ስለሚጽፍ ሺም ይቻላል።

ታዲያ ምን ይደረግ? የዕድሩ ጥበብ ይበቃን ነበር። ቁጥሩን ለወለሉ እንጂ ለጣሪያው አናድርገው። "ቢያንስ ይህን ያህል ሳይሠራ ኃላፊ መሆን አይችልም" ለማለት ይጠቅማል፤ "ከሁሉ የበለጠው እሱ ነው" ለማለት ግን አይጠቅምም። ለአዲስ ገቢ የመጀመሪያው ሳምንት ላይ አንድ ሰው በስሙ ጠርቶ "ስለ ረጲ የጻፍከውን አነበብኩት፤ ሁለተኛው አንቀጽ ጥሩ ነው" ይበለው፤ ከመቶ ኮከብ ይበልጣል። ውድድር ካስፈለገም ሽልማቱ በማግስቱ ሳይሆን ከዓመት በኋላ ይሰጥ፤ ገጹ ያን ጊዜ ቆሟል ወይ? ሌላ ሰው ጨምሮበታል ወይ? ተብሎ ይጠየቅ። ለሚያርመውና የማይረባውን ለሚሰርዘው ሰውም ምስጋና ይኑር፤ እሱ ሥራውን በሠራ ቁጥር የገጹ ብዛት ይቀንሳልና በቆጣሪው ዓይን አጥፊ ነው። የዳኛውን ዘመድ ነገር በተመለከተ ደግሞ መድኃኒቱ ዳኛውን ማባረር አይደለም፤ ለምን እንደሸለመ በአደባባይ እንዲጽፍ ማስገደድ ነው።

"የማንም ያልሆነ ነገር ነው፣ ምን ያስጨንቅሃል?" የሚለኝ ይኖራል። የሚያስጨንቀኝ አንባቢው ነው። የቀራንዮ ተማሪ የቤት ሥራውን ሲሠራ የሚያገኘው አማርኛ ያው እዚያ ያለው ነው። ጉግል አማርኛን ወደ መተርጎሚያው ያስገባው እ.ኤ.አ. በ2016 ነው፤ ዛሬ ደግሞ በአማርኛ የሚመልሱልን ማሽኖች ቋንቋውን ከሚማሩባቸው ቦታዎች አንዱ ዊኪፒዲያ ነው። ማሽኑ የጻፈውን ማሽን ያነብበዋል፤ ያንኑ መልሶ ለእኛ ልጆች ያስተምራል። እ.ኤ.አ. በ2025 የግሪንላንድ ቋንቋ ዊኪፒዲያ እንዲዘጋ የተወሰነው በዚሁ ነው። ገጾች ነበሩት፤ ብዙዎቹ ግን ቋንቋውን በማይችሉ ሰዎችና በማሽን ትርጉም የተሞሉ ነበሩ። እንዲዘጋ የጠየቀውም ቤቱን ሲጠብቅ የኖረው በጎ ፈቃደኛ ራሱ ነው።

ቆጥሮ መሸለም ለሸላሚው ይቀልላል፤ አንብቦ ማመስገን ግን ማንበብ ይጠይቃል። ሰው የጻፈውን ለማንበብ ጊዜ ከሌለን ዋንጫ ለመግዛት የምናወጣውን ገንዘብ ብናስቀምጠው ይሻላል። ያልተነበበ ጽሑፍ ላይ የሚሰጥ ሽልማት ውሃ ያልጠጣ ችግኝ ላይ የሚሰቀል ሪባን ነው፤ ያምራል፣ ፎቶም ያወጣል፣ እስከ ጥር ግን አይዘልቅም።