የኢበሊን ስንክሳር

ማትስ ስቴን የተባለው የኖርዌይ ወጣት ኅዳር 9 ቀን 2007 ዓ.ም. በ25 ዓመቱ ባረፈ ጊዜ፣ የወላጆቹን ልብ ያቆሰለው ሞቱ ብቻ ሳይሆን ልጃቸው ሳይኖር የሞተ መስሎ መታየቱ ጭምር ነበር። ዱሼን የሚሉት፣ ጡንቻን ከሕፃንነት ጀምሮ የሚያመነምነው ደዌ ከተሽከርካሪ ወንበር አውሎት፣ በስተመጨረሻ ከጣቶቹ በቀር የሚታዘዝለት አካል እምብዛም ሳይኖረው፣ ቀኑንና ሌሊቱን ከኮምፒውተር ፊት ሲያሳልፍ ያዩት አባቱ ሮበርት ስቴንና እናቱ፣ ወዳጅ ሳያፈራ፣ ሴት ሳያፈቅር፣ ለማንም ሳይተርፍ አለፈ ብለው አዘኑለት። ነገር ግን አባትየው ልጁ ትቶት በሄደው የይለፍ ቃል ገብቶ፣ ማትስ ሐሳቡን ያሰፍርበት በነበረው የግል ማስታወሻ ገጽ ላይ መርዶውን ከአድራሻው ጋር ቢጽፍ፣ ከማያውቃቸው ሰዎች የኀዘን ደብዳቤ ይጎርፍለት ጀመር። ጸሐፊዎቹ ማትስ «ኢበሊን» በሚል ስም ወርልድ ኦፍ ዋርክራፍት በተባለው የኮምፒውተር ጨዋታ ውስጥ ለዓመታት አብሯቸው የኖረ፣ ስታርላይት የሚባል ማኅበር አባላት ነበሩ፤ ጥቂቶቹም ባሕር ተሻግረው መጥተው ከቀብሩ ቆሙ።

በዚህ ታሪክ ላይ ቤንጃሚን ሪ የሠራው ዘጋቢ ፊልም በጥር 2016 ዓ.ም. በአሜሪካ በሚካሄደው በሰንዳንስ የፊልም በዓል ቀርቦ ከተሸለመ ወዲህ፣ በየስፍራው የሚነገረው አንድ ፈሊጥ ነው፤ ይኸውም ሕመምተኛው በእውነተኛው ዓለም ያጣውን በሐሰተኛው ዓለም አገኘው የሚል ነው። አባባሉ ለጆሮ ቢጥምም ለእኔ አይዋጥልኝም። ሰው ለሐሰት ወዳጅ ብሎ ቲኬት ቆርጦ ለቀብር አይመጣም። ሊመረመር የሚገባው ጉዳይ ሌላ ነው፤ ፊቱን አንድ ቀን እንኳ ያላዩት ሰዎች የሟችን ዝክር ያጸኑት ከምን ባለ ጭቃ፣ ከምን ባለ ጭድ ነው? መልሱ በማኅበሩ መዝገብ ውስጥ ይገኛል። አባላቱ በጨዋታው ውስጥ የሚነጋገሩት በጽሑፍ ስለ ነበር፣ ንግግራቸው ሁሉ ተጠብቆ 42,000 ገጽ ያህል ሆኗል፤ ፊልሙም ከዚሁ ተቀድቶ ነው የተሠራው።

በቤተ ክርስቲያናችን የቅዱሳን ዝክር በጽሑፍ የሚጸናበት መንገድ አንድ ብቻ አይደለም። ገድል አንዱን ጻድቅ ይዞ ከልደቱ እስከ ዕረፍቱ ይተርካል፤ ተጋድሎውን ያጎላል፣ ተአምራቱን ይደረድራል፣ በቃል ኪዳኑ ያትማል። ስንክሳር ግን ዓመቱን በዕለት ከፍሎ፣ የእያንዳንዱን ዕለት ተዘካሪ በአጭር አውስቶ፣ አርኬ በሚባለው ግጥሙ ሰላም ብሎ ያልፋል፤ ነገ ሌላ ስም ነው፣ ዓመት ዞሮ ሲመጣ ግን ያው ስም ይጠራል። (ማትስ ያረፈባት ኅዳር 9 ራሷ፣ ከየሀገሩ ወደ ኒቅያ የተሰበሰቡት 318ቱ ሊቃውንት በስንክሳሩ የሚታሰቡባት ዕለት መሆኗን ሳስተውል ፈገግ ማለቴ አልቀረም፤ ከዚህ አልፌ ግን አልተረጉመውም።) እንደ እኔ አስተያየት የሪ ፊልም ገድል ነው፤ የተቀዳበት መዝገብ ግን ስንክሳር ነው፤ የዚህ ጽሑፍ ክርክርም በሁለቱ መካከል ስላለው ርቀት ነው።

ወደ መዝገቡ የገባው ኢበሊን የሚያደርገው ነገር ምንኛ ጥቃቅን እንደ ሆነ እንይ። ጨዋታውን ሲከፍት ከማንም ጋር ከመነጋገሩ በፊት ግማሽ ሰዓት ያህል በዚያ ምናባዊ ምድር ላይ ይሮጣል፤ እግሩ ያልቆመለት ወጣት ዕለት ዕለት የሚያደርሰው ጸሎት ይመስል ይሮጣል። አንድ ቀን ከቁጥቋጦ ሥር ዘላ የወጣች ልጃገረድ ባርኔጣውን ነጥቃው ትሮጣለች፤ ከኔዘርላንድ ከነበረችው ከዚህች ልጅ ጋር ወዳጅነቱ የተጀመረው በዚህ የልጅ ጨዋታ ነው። ወላጆቿ ለትምህርቷ ሠግተው ኮምፒውተሯን በከለከሏት ጊዜም፣ ወዳጅነት ለልጃቸው ምን እንደ ሆነ የሚያስረዳ ደብዳቤ ጽፎላቸዋል። ከልጇ ጋር መቀራረብ ለተሳናት አንዲት የዴንማርክ እናት ደግሞ፣ ከልጇ ጋር በዚያው በጨዋታው ውስጥ እንድትገናኝ መክሯት፣ በቤት ያልተቻለው መተቃቀፍ መጀመሪያ በዚያ ተችሏል። ከእነዚህ ውስጥ ገድል ጸሐፊ የሚመርጠው ሁለቱን የመጨረሻዎቹን ነው። ስንክሳሩ ግን ሩጫውንም ይጽፋል፤ ነገም ሮጠ፣ ከነገ ወዲያም ሮጠ ብሎ ይጽፋል።

ፊልሙ መዝገቡን ወደ ተንቀሳቃሽ ሥዕል መልሶ፣ ጫካውን በወርቅ ብርሃን አጥለቅልቆ፣ ለደረቁ ፊደላት ድምፅና ዜማ ሰጥቷቸዋል። ውበቱን አልክድም፤ እንባዬንም አልደብቅም። ሆኖም ሁለት ሰዓት በማይሞላ ጊዜ ውስጥ 42,000 ገጽ ሲጨመቅ መጀመሪያ የሚፈስሰው ውኃው ነው፤ ማለትም ማንም ምንም ሳይል ያለፈባቸው ሰዓታት፣ «መጣሁ፣ እራት ልብላ» ተብሎ የተቋረጠው ወሬ፣ አንዱ አንዱን የሚጠብቅበት ዝምታ። የወዳጅነት ሥጋው ግን ይኸው ውኃ ነበር። አንድ ነገር ግን ለሪ ልመስክርለት፤ የገድል ጸሐፊ የማይደፍረውን ደፍሯል። ማትስ ሕመሙን ለረጅም ጊዜ ከወዳጆቹ ደብቆ እንደ ኖረ፣ በመጨረሻዎቹ ዓመታትም በቃል የሚያቆስል ነጭናጫ እንደ ሆነባቸው ሳይሸሽግ አሳይቷል። መዝገቡ ኃጢአትን አያስተሰርይም፤ የተቀየሙትም ሰዎች ቅያሜያቸውን ይዘው ነው የሚያስታውሱት፤ በየዓመቱም በጨዋታው ውስጥ ተሰብስበው፣ እርሱ ይሮጥ እንደ ነበረው በስሙ ይሮጣሉ።

ይህን ሁሉ ያነሣሁት ነገሩ ከእኛ የራቀ ስላልሆነ ነው። ጥንት አባቶቻችን በሚጻጻፉት ደብዳቤ ላይ ከገጹ እኩሌታ የሚያህለው ለጤና መጠያየቂያ ይውል ነበር፤ ጉዳዩ ከበታች በሁለት መስመር ይገባል። ፊደላችን እ.ኤ.አ. በ1999 በዓለም አቀፉ የኮምፒውተር ፊደላት ሥርዓት ውስጥ ከመመዝገቡ በፊት በስደት ያሉ ወንድሞቻችን አማርኛውን በላቲን ፊደል እየጻፉ ይገናኙ እንደ ነበር፣ ዛሬም ብዙዎች በዚያው ልማድ እንደሚጽፉ የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ፊደሉ ቢለወጥም ያ የጤና መጠያየቅ አልተለወጠም። እኔም ስድስት የትምህርት ቤት ጓደኞች በአንድ የቴሌግራም ግሩፕ ስንጻጻፍ ዘጠኝ ዓመት ሆኖናል፤ አንዷ በሪያድ፣ አንዱ በፍራንክፈርት፣ አንዱ በዋሽንግተን፣ ሌሎቻችን በአገር። የሪያድ ሰዓት ከእኛው ጋር አንድ ነው፤ የዋሽንግተኑ ግን እንደ ወራቱ 7 ወይም 8 ሰዓት ወደ ኋላ ስለሚቀር፣ የወዳጃችን «እንደምን አደራችሁ» የሚደርሰን ምሳችንን ከበላን በኋላ ነበር። ዕድር ቢሆን ከቀብር የቀረውን ይቀጣል፤ የእኛ ግሩፕ ግን መቅጫ የለውም፤ ቅጣት ባይኖርም ማንም አልቀረም።

ያ የዋሽንግተኑ ወዳጃችን በመኪና ማቆሚያ ሌሊት እየሠራ፣ ሲነጋ የዕለቱን ወሬ ይጽፍልን ነበር። ምን በላ፣ በረዶው እስከ የት ደረሰ፣ የትኛው መኪና ሳይከፍል ሊወጣ ሞከረ። ያኔ እውነቱን ለመናገር ሁልጊዜ አናነበውም ነበር። ባለፈው ዓመት በድንገት አረፈ። እናቱ ለአርባው ተዝካር በጎንደር ካህናትንና ጎረቤትን ሰብስበው ባበሉ ዕለት፣ ከስድስታችን ሁለታችን በዚያ ነበርን፤ ፍትሐቱ አልቆ፣ ዳስ ውስጥ የቀረነው ጥቂት ሰዎች ብቻ ስንሆን፣ እማማ ከሙሾ ይልቅ ልጃቸው ምን ይል እንደ ነበር እንድንነግራቸው ለመኑን። ሌላ የምንለው ስላጣን ስልካችንን አውጥተን፣ የጻፈልንን ከላይ ወደ ታች እያነበብንላቸው ሄድን። «ዛሬ በረዶ ነው። ሽሮ አሙቄ በላሁ። ጫማዬ ውኃ ያስገባል።»

እማማ ነጠላቸውን ከዓይናቸው ላይ አንሥተው ቀና አሉ። «ኧረ ልጆቼ፣ ኋላስ ጫማውን ገዛ?»

ፈለግነው። ከአራት ቀን በኋላ ጽፎት ነበር። «ጫማ ገዛሁ። ቡናማ ነው፣ ትንሽ ይሰፋኛል።»