የቋንጃ ደም ቅዳ ቅርቃር፦ ስለ አንድ የሕክምና ስያሜ አተረጓጐም

የሕክምና ስያሜ ወደ አማርኛ ሲመለስ አቻው ቃል በሽታውን ከሌላ በሽታ ለይቶ ማሳየት ይኖርበታል። ይህን መስፈርት ይዘን፣ በእንግሊዝኛ «ፖፕሊቲያል አርተሪ ኢንትራፕመንት ሲንድሮም» ለተባለው ሕመም ለተርጓሚ በቅድሚያ ሊመጡለት የሚችሉትን ሦስት አቻዎች እንመረምራለን። እነርሱም «የጉልበት ደም ሥር መጥበብ»፣ «የጉልበት ደም ሥር ጭቆና» እና «የጉልበት ደም ሥር ወጥመድ» ናቸው።

አስቀድሞ ጽንሰ ሐሳቡን ማስረዳት ይገባል። ከጉልበት በስተኋላ የሚያልፈውን ደም ቅዳ የባት ጡንቻ ወይም ጅማቱ ሲጫነው፣ ወደ እግር የሚወርደው ደም ይቀንሳል። ሕመሙ በተለይ በወጣት ስፖርተኞች ላይ ይታያል፤ ሲሮጡ ባታቸውን ያማቸዋል፣ ሲያርፉ ይተዋቸዋል። የአካል አቀማመጡን እ.ኤ.አ. በ1879 በኤድንብራ የሕክምና ተማሪ የነበረው አንደርሰን ስቱዋርት ገለጸ፤ የእንግሊዝኛው ስያሜ ግን በ1965 በላቭና በዊላን ጽሑፍ የቀረበ ነው።

ሦስቱም አቻዎች የጋራ ጉድለት አለባቸው። «ጉልበት» መላውን መገጣጠሚያ ከመሰየሙም በላይ ኃይል ማለትም ነው። «ደም ሥር» ደም ቅዳንና ደም መልስን አይለይም፤ በእግር ደም መልስ ውስጥ የሚረጋ ደም ግን ሌላ በሽታ፣ ሕክምናውም ሌላ ነው።

በተናጠል ስናያቸው፣ «መጥበብ» በዕድሜ የገፉ ሰዎችን የሚያጠቃውን፣ በቧንቧው ግድግዳ ውስጥ ስብ የሚከማችበትን በሽታ ያስታውሳል። እዚህ ግን ግድግዳው በመጀመሪያ ጤነኛ ነው፤ ጫናው የሚመጣው ከውጭ ነው። «ጭቆና» በማኅበራዊና በፖለቲካዊ አገባብ የተያዘ ቃል ነው። «ወጥመድ» ደግሞ መሣሪያውን እንጂ የተያዘውን ነገር ሁኔታ አይገልጽም፤ አጥማጅም ያለ ያስመስላል።

እኛ «የቋንጃ ደም ቅዳ ቅርቃር» የሚለውን እንመርጣለን። ተቀረቀረ የምንለው ራሱ ያልተበላሸ ነገር በሁለት አካላት መካከል ገብቶ ሲያዝ ነው፤ የተቀረቀረ ነገር ደግሞ ሊላቀቅ ይችላል። ቃሉ ሕመሙ ከልደት የመጣ ነው አይልም፤ ይህም ተገቢ ነው፤ ምክንያቱም አካሉ በትክክል ተሠርቶ ሳለ በስፖርት የዳበረው ጡንቻ ብቻ ቧንቧውን የሚጫንበት ዓይነትም አለ።

«ቋንጃ» ጅማቱንም ይሰይማል የሚል ተቃውሞ ሊነሣ ይችላል። ተቃውሞው እውነትነት አለው፤ ይሁን እንጂ «ደም ቅዳ» ሲከተለው ቃሉ ቦታን ብቻ ስለሚያመለክት አሻሚነቱ ይወገዳል። «ሲንድሮም» ለሚለው «ሕመም» ማለት በቂ ሲሆን፣ ዐውዱ ግልጽ በሆነበት ሊቀር ይችላል።

ጉዳዩ የቃላት ምርጫ ብቻ አይደለም። በጊዜ ከታወቀ ጡንቻውን በቀዶ ሕክምና ማላቀቅ ሊበቃ ይችላል፤ ከዘገየ ግን የቧንቧው ግድግዳ ይጎዳል፣ ደም ይረጋበታል፣ ቧንቧውን እስከ መተካትም ይደረሳል። የባቱን ሕመም ሁሉ «የጡንቻ መሸማቀቅ» ብሎ የሚያልፍ አሠልጣኝ፣ የሌላውን ሕመም መንስኤ ከስሙ ሊረዳ ይገባዋል። ይህን የማያስረዳ ስያሜ፣ ቃል በቃል የታመነ ትርጉም ቢሆንም እንኳ፣ ለመዝገበ ቃላት አይበቃም።